ጉልቻ ቢለዋወጥ፦ ቀጣዩ ታርዛን ማን ይሁን?

(በወጣቶች የውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ታርዛን ነው። አትሳቁ! «ስንት ጉዳይ እያለ ስለ ታርዛን?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን ትንሽ ታገሱኝ። አንድ በምናብ የተፈጠረ ጀግና ከ100 ዓመት በላይ ሳያረጅ፣ ከ20 በማያንሱ ተዋንያን ገላ እየተዘዋወረ ከኖረ፣ ይህን ያህል ዕድሜ የሰጠው ነገር ምን እንደሆነ መጠየቅ የቧልት ጉዳይ አይደለም። ደግሞ መኖሪያው የት ነው? እኛው አህጉር ላይ። ያውም ሳያስፈቅድ!

በ2022 ሶኒ ፒክቸርስ የታርዛንን የፊልም መብት እንደያዘና ገጸ ባሕርዩን ከመሠረቱ አድሶ ሊያመጣው እንዳሰበ ተዘገበ። እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር የሁላችንም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ማን ይሆን የሚጫወተው?» ነጭ ይሁን ጥቁር፣ ጡንቻው የፈረጠመ ይሁን ሸንቃጣ፣ አሜሪካዊ ይሁን እንግሊዛዊ። በዚህ ስንከራከር እናድራለን። አባቶቻችን ግን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ብለው ጨርሰውታል። ታርዛን ላይ 100 ዓመት ሙሉ ሲለዋወጥ የኖረው ጉልቻው ነው። ወጡ ግን ያው ነው። እንዴት? ከሥሩ እንነሳ።

ታርዛን የተወለደው በ1912 «ኦል ስቶሪ» በሚባል ርካሽ የአሜሪካ መጽሔት ገጽ ላይ ነው። ደራሲው ኤድጋር ራይስ በሮውስ ከዚያ በፊት በእርሳስ መቅረጫ ንግድ ላይ የነበረ ሰው ነው። አፍሪካን በእግሩ ረግጦ አያውቅም። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፦ የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ በአፍሪካ ጠረፍ ወላጆቹን ያጣል፣ ጦጣ መሳይ ፍጡር አንስታ ታሳድገዋለች፣ ከዚያ የጫካው ጌታ ይሆናል። ስሙን ግን ትርጉሙን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በመጽሐፉ ውስጥ፣ በእንስሳቱ ቋንቋ፣ «ታርዛን» ማለት «ነጭ ቆዳ» ማለት ነው። እንግዲህ «ጥቁር ታርዛን ይሠራ» የምትሉ ወንድሞች ይቺን ልብ በሉልኝ። ስሙ ራሱ መልሱን ይዞ ነው የተወለደው።

አሁን አንድ አስገራሚ ነገር ልንገራችሁ። በመጽሔቱ ላይ ሲወጣ ታሪኩ ውስጥ ታይገር ነበረ፤ ያ የእስያው ባለ መስመር ነብር። አንባቢዎች «አፍሪካ ውስጥ ታይገር የለም!» ብለው ጮኹ። ደራሲውም በ1914 መጽሐፉ ሲታተም ታይገሩን በሴት አንበሳ ቀየረው። አያችሁ? ለአንድ አውሬ ተጮኸና አውሬው ታረመ። ለሰዎቹ ግን ማን ጮኸ?

ሰዎቹ ደግሞ በመጽሐፉ ውስጥ ነበሩ እኮ! የምቦንጋ መንደር ሰዎች ይባላሉ። ከየት መጡ? መጽሐፉ ራሱ ይናገራል፦ የቤልጅጉ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዳግማዊ ወታደሮች ለጎማና ለዝሆን ጥርስ ሲሉ ሲያሰቃዩዋቸው ሸሽተው ወደ ጫካው የገቡ ስደተኞች ናቸው። ይሄ ተረት አይደለም፤ በኮንጎ የነጻ መንግሥት በሚባለው፣ ከ1885 እስከ 1908 የሊዮፖልድ የግል ንብረት በነበረው አገር የተፈጸመ ግፍ ነው። ታዲያ ጀግናችን እነዚህን ስደተኞች ምን አደረጋቸው? ረዳቸው? አይደለም። አንደኛው አሳዳጊውን ስለገደለበት ያንን ሰው ገደለ፤ ከዚያም መላውን መንደር በገመድ እያነቀ፣ ቀስታቸውን እየሰረቀ ያሸብራቸው ጀመር። ከአንዱ ነጭ አምልጠው ሌላው ነጭ እጅ ወደቁ። ደራሲው ግን ከዛፉ ላይ ካለው ልጅ ጋር ሆነን በድንጋጤያቸው እንድንዝናና ነው የጻፈው።

ወጡ ያልኳችሁ ይሄ ነው። ሦስት ነገር አለው። አንደኛ፣ አገሩ ባዶ መድረክ ነው። ሁለተኛ፣ የአገሬው ሰው ወይ ይሸሻል ወይ አዳኝ ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ ከውጭ የመጣው ሰው አገሩን ከባለቤቱ የበለጠ ያውቀዋል። እነዚህን ሦስት ያዙልኝና ወደ ስክሪኑ እንሂድ።

የመጀመሪያው የፊልም ታርዛን ኤልሞ ሊንከን ነው፤ በ1918። ጫካው የት ነበር? ሉዊዚያና፣ አሜሪካ ውስጥ። ከዚያ በ1932 ታዋቂው ጆኒ ዋይስሙለር መጣ። ይሄ ሰው ዛሬ ሮማኒያ በሚባለው አገር ክልል ተወልዶ በሕፃንነቱ አሜሪካ የገባ፣ በ1924 እና በ1928 ኦሊምፒክ 5 የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀ ዋናተኛ ነበር። እስከ 1948 ድረስ 12 የታርዛን ፊልሞች ሠራ። ያ ሁላችሁም የምታውቁት ጩኸት የተስፋፋው በሱ ዘመን ነው። በመጽሐፉ ታርዛን የወላጆቹን መጻሕፍት አይቶ ራሱን ማንበብ ያስተማረ፣ ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም የሚናገር ሰው ነው። ፊልሙ ግን ሁለት ሦስት ቃል ብቻ የሚወረውር አደረገው። ደራሲውን ይሄ አላስደሰተውም።

የዚያን ጊዜ አምራቾች የሚፈልጉት ገላ ነበር። ከዋይስሙለር ሌላ በ1932 ኦሊምፒክ በዋና ወርቅ ያገኘው በስተር ክራብ፣ በ1928 በአሎሎ ውርወራ ብር ያገኘው ኸርማን ብሪክስ፣ በ1936 በዴካትሎን ያሸነፈው ግሌን ሞሪስ፣ ሁሉም ተራ በተራ ታርዛን ሆነዋል። ገላው ይቀየራል፣ ጫካውም ይቀየራል፤ ካሊፎርኒያ፣ ጓቲማላ፣ በኋላ በቴሌቪዥኑ ጊዜ ብራዚልና ሜክሲኮ። ዝሆኖቹ እንኳ አፍሪካዊ አልነበሩም። የእስያ ዝሆኖች ላይ ትልልቅ የሐሰት ጆሮ እየሰፉ ነው «አፍሪካ» ያሏቸው። እና ይሄን ሁሉ ዓመት ዓለም «አፍሪካ እንዲህ ናት» ብሎ ያየው፣ ጆሮ የተቀጠለበትን ዝሆን ነው። ያሳዝናልም ያስቃልም።

«በኋላማ እውነተኛ አፍሪካ ሄደው ቀረጹ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ። በ1959 ጎርደን ስኮት የተጫወተበት «የታርዛን ታላቁ ጀብዱ» የውጭ ቀረጻው ኬንያ ነበር። አዲስ ታርዛን ነው፤ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ የተማረ፣ ቁምነገረኛ። ከክፉዎቹ አንዱ ሆኖ የተጫወተው ከሦስት ዓመት በኋላ ጄምስ ቦንድ የሆነው ሾን ኮነሪ ነው። በፊልም አሠራር ካየነው ከምርጦቹ አንዱ ነው። ነገር ግን 1959 ኬንያ ውስጥ ምን ዓመት ነበር? ከ1952 ጀምሮ እንግሊዞች የአስቸኳይ ጊዜ አውጀው፣ በማው ማው ስም ሕዝቡን ካምፕ ያጎሩበት ዘመን ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ሆላ በሚባል ካምፕ 11 እስረኞች ተደብድበው ተገድለዋል። ፊልሙ ደግሞ የአልማዝ ጉድጓድ ፍለጋ የወጡ ነጭ ወንበዴዎችንና የሚያሳድዳቸውን ነጭ ጀግና ያሳያል። ያ ሁሉ የነጻነት ትግል ካሜራው አጠገብ ነው ያለው፤ ካሜራው ግን አልዞረም። እውነተኛ ቦታ ላይ መቅረጽ እውነትን መናገር ማለት አይደለም፣ ወገኖቼ።

በ1984 «ግሬይስቶክ» የሚል ፊልም መጣ፣ ክሪስቶፈር ላምበርት የተጫወተበት። ከመጽሐፉ መንፈስ ጋር ለመታረቅ የሞከረ፣ በቁም ነገር የተሠራ ሥራ ነው። ጥያቄው ግን «ይሄ ሰው እንግሊዛዊ ጌታ ነው ወይስ የጫካ እንስሳ?» የሚል ነው። ምርጫው ሁለት ብቻ! አፍሪካ ያደገ ሰው አፍሪካዊ ሊሆን ይችላል የሚል ሦስተኛ ሐሳብ አልመጣም።

ከዚያ 1999፣ የዲዝኒ ካርቱን። ብዙዎቻችሁ ያደጋችሁበት ነው። ዘፈኑ ኦስካር ያገኘ፣ ስዕሉ የሚያምር። ግን እስኪ አስታውሱት፦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጥቁር ሰው አያችሁ? አንድም የለም። ጎሪላ አለ፣ ዝሆን አለ፣ ነብር አለ፣ እንግሊዛዊ አለ። አፍሪካዊ ሰው የለም። የድሮዎቹ ፊልሞች አፍሪካውያንን በሚያሳፍር መልክ አሳዩ፤ ዲዝኒ ይህን እንዴት አረመው? ሰዎቹን ከአገራቸው አጠፋቸው! በመጀመሪያው ፊልም ላይ የምትሸሽ ሰው ነበርክ፤ አሁን ጭራሽ አልተፈጠርክም።

እና በመጨረሻ 2016። «የታርዛን አፈ ታሪክ»፣ ስዊድናዊው አሌክሳንደር ስካርስጎርድ የተጫወተው። 180 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጀ የተዘገበ። ፍትሐዊ ልሁን፤ ይሄኛው ሞክሯል። ሊዮፖልድንና የኮንጎን ግፍ ፊት ለፊት አመጣ። ክፉው ሰው ሊዮን ሮም በእውነት የነበረ የቤልጅግ መኮንን ነው። ሳሙኤል ኤል ጃክሰን የተጫወተው ጆርጅ ዋሽንግተን ዊሊያምስም በእውነት የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። እውነተኛው ዊሊያምስ በ1890 ኮንጎን ራሱ ተዘዋውሮ አይቶ፣ ለንጉሥ ሊዮፖልድ ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ ግፉን ለዓለም ካጋለጡት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። በማግስቱ ዓመት እንግሊዝ አገር ሞተ። በ41 ዓመት ዕድሜው ለማንም ያልታዘዘ ጀግና። ፊልሙ ይህን ሰው ምን አደረገው? የታርዛን ጋሻ ጃግሬ! ታርዛን ከዛፍ ዛፍ ሲወረወር እያለከለከ የሚከተል፣ አልፎ አልፎ የሚያስቅ። ሥራውን የሠራው ሰው ረዳት ሆነ፤ ያልነበረው ሰው ጀግና ሆነ። ጉልቻ ማለት ይሄ ነው።

በዚያው ፊልም ግን አንድ ትዕይንት አለች። የቤኒን ተወላጁ ጃይመን ሁንሱ አለቃ ምቦንጋን ሆኖ ይጫወታል። ታርዛን የገደለው ያ ሰው የምቦንጋ ልጅ ነበረ። አባትየው እያለቀሰ ይጠይቀዋል። ከ100 ዓመት በኋላ ከዛፉ በታች ያለው ሰው ልጅ እንዳለው፣ ሐዘን እንዳለው አየን። በኔ እምነት አዲስ ታርዛን የሚሠራ ሰው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፤ ከምቦንጋ ቤት ደጃፍ። ፊልሙ ግን ለአፍታ አሳየንና ወደ ጡንቻው ተመለሰ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ፤ ታርዛን በእኛም በኩል አልፏልና። በ1932 በመጽሔት፣ በ1933 በመጽሐፍ የወጣ «ታርዛንና የወርቁ ከተማ» የሚል ልብ ወለድ አለ። የሚጀምረው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ትግሬ፣ አማራ፣ ጎጃም፣ ሸዋ፣ ካፋ የሚሉ ስሞች መግቢያው ላይ አሉ፤ ክረምታችንም አለ፤ «ሽፍታ» የሚለው ቃላችንም እንዳለ ገብቷል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ደስ ይላል አይደል? ቀጥሉና አንብቡት። የእኛ ሰዎች በታሪኩ ውስጥ ማን ናቸው? ሽፍቶቹ ናቸው። ታርዛን ከእጃቸው አንድ ነጭ ያድናል፤ ያ ነጭ ደግሞ በተራሮቻችን መሐል ከተደበቁ ሁለት ጥንታዊ ከተሞች ከአንዱ የመጣ ነው። አንዱ የወርቅ፣ አንዱ የዝሆን ጥርስ ከተማ። የገነቧቸውስ? ነጮች!

እስኪ አስቡት። ላሊበላን ከአለት ፈልፍሎ ያወጣ፣ አክሱም ላይ ሐውልት ያቆመ፣ ጎንደር ላይ ግንብ የገነባ ሕዝብ አገር ላይ ነው ይሄ የሚጻፈው። ያውም አገራችን የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል በነበረችበት፣ በ1930 የንግሥ በዓሉን ሊዘግቡ የውጭ ጋዜጠኞች አዲስ አበባ ከጎረፉ በኋላ! መረጃ ጠፍቶ አይደለም። ወጡ አስቀድሞ ስለተሠራ ነው፤ አገሩ ባዶ መድረክ፣ ሰዉ ሽፍታ፣ ሥልጣኔው የሌላ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው።

«ታዲያ ወጡ ሊቀየር ይችላል ወይ?» ካላችሁኝ፣ ይችላል። ብላክ ፓንተርን ተመልከቱ። እሱም በ1966 የተፈጠረው በሁለት ነጭ አሜሪካውያን፣ በስታን ሊና በጃክ ከርቢ ነው። በ2018 ግን ራያን ኩግለርና ጆ ሮበርት ኮል ጽፈውት፣ ኩግለር አዘጋጅቶት ወጣ፤ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይም አስገባ። ምን ተቀየረ? ጥያቄው ተቀየረ። ጀግናውም ተቀናቃኙም የሚጣሉት በቤታቸው ጉዳይ ነው፦ «ይህን ሁሉ ሀብት ይዘን ወንድሞቻችን ሲሰቃዩ ለምን ዝም አልን?» አዳኝ የሚጠብቅ የለም። የሚከራከሩት ባለቤቶቹ ናቸው። ልብ በሉ፣ የሠራው ያው በ1999 ሰዎቹን ያጠፋው ዲዝኒ ነው! ኩባንያው አልተቀየረም፤ ብዕሩን የያዘው እጅ ተቀየረ።

ሌላም ነገር አለ። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦስማን በ2020 በ43 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ሌላ ሰው ተክተው አልቀጠሉም። በ2022 የወጣው ተከታይ ፊልም የጀመረው በለቅሶ ነው። ታርዛንን ከ20 ሰው በላይ ሲቀያየርበት ማንም ሐዘን አልተቀመጠም። ልዩነቱ ይታያችኋል? አንዱ ልብስ ነው፣ የገባበት ሁሉ ይለብሰዋል። ሌላው ቤተሰብ ያለው፣ ሲሞት ድንኳን የሚጣልለት ሰው ነው። ግን አትታለሉ፤ ዋካንዳ የምትባል አገር የለችም፣ ገንዘቡም ወደ አፍሪካ አልመጣም። ትምህርቱን እንውሰድ፣ ጣዖት አናድርገው።

ስለ ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ በሮውስ ከጻፈው ይልቅ ያደረገው ነገር ለእኛ ትምህርት ይሆናል። በ1923 በራሱ ስም ኩባንያ አቋቁሞ የጀግናውን መብት ለራሱ ያዘ። ፊልሞቹ አላስደስት ሲሉት ራሱ የፊልም ሥራ ውስጥ ገባ፤ ያ የጓቲማላው ፊልም የዚያ ውጤት ነው። የርስቱ ስም ዛሬ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ ሰፈር ስም ነው፤ ታርዛና ይባላል። እሱ በ1950 ሞተ፣ ኩባንያው አለ። የመጀመሪያው መጽሐፍ በአሜሪካ የቅጂ መብት ጊዜው አልፎበታል፤ «ታርዛን» የሚለው ስም ግን አሁንም የኩባንያው የንግድ ምልክት ነው። ታሪኩ ነጻ ወጣ፣ ስሙ ታስሮ ቀረ። የእኛ ተራኪዎች፣ የእኛ ሠዓሊዎች፣ የእኛ ጸሐፊዎች ስንቱን ሥራ ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ አስረክበው ባዶ እጃቸውን ቀሩ? ከታርዛን ጡንቻ ይልቅ የአባቱን ውል ብንኮርጅ ይሻለናል።

አሁን የመጨረሻውን፣ ምናልባትም የማይጥማችሁን ልበል። ይህን ሁሉ የሰማ ወጣት «ስለዚህ የራሳችንን ጀግና እንሥራ!» ይላል። አሜን! አሉላ አባ ነጋ አለ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ አለ፣ አብዲሳ አጋ አለ። ግን እንዴት ነው የምንሠራቸው? አንድ ጡንቻማ ሰው መሐል ላይ አቁመን፣ ዙሪያውን ስም የሌለው ሕዝብ አሰልፈን፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብ እሱ ብቻውን ጠላትን ሲደመስስ ካሳየን፣ የሠራነው ማንን ነው? ታርዛንን ነው! ነጠላ ያጣፋ ታርዛን። ጉልቻው ያገር ልጅ ሆነ፣ ወጡ ያው ቀረ።

ታሪካችን እንደዚያ አይደለም። በ1896 ጥር ወር መቀሌ ላይ ጣልያን ምሽግ ይዞ ሲቀመጥ፣ ምሽጉን ያስለቀቀው የአንድ ሰው ጎራዴ አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ ውኃውን ያዙባቸው ብለው መከሩ፤ ወታደሩ ምንጩን ይዞ ቀንና ሌሊት ጠበቀ፤ ጠላት በጥም ተሸንፎ ወጣ። ይህን ወደ ፊልም ስትለውጡት ጀግናው ማን ነው? ሐሳቡን ያፈለቀችው እናት ናት፣ ምንጩ ላይ በብርድ ያደረው ልጅ ነው፣ ስንቅ በጀርባዋ ያመላለሰችው ሴት ናት። ለእያንዳንዳቸው ስም ስጧቸው። ፍርሃት ስጧቸው፣ ጠብ ስጧቸው፣ ቀልድ ስጧቸው። ያኔ ወጡ ተቀየረ ማለት ነው።

እንግዲህ የታርዛንም ይሁን የሌላ፣ የውጭም ይሁን የእኛ ጀግና ታድሶ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንድ፣ ከጀግናው ሌላ ስም ያለው፣ የሚፈልገውን የሚያውቅ የአገሬው ሰው አለ ወይ? ሁለት፣ ጀግናው ባይመጣ ኖሮ ይሄ ሕዝብ ምን ያደርግ ነበር፤ ፊልሙስ ያንን ያውቀዋል ወይ? ሦስት፣ ብዕሩን የያዘውና ውሉ ላይ የፈረመው ማን ነው? የተዋናዩን ፎቶ ከማየታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

ጩኸትም ዋጋ አለው፤ አንባቢ ጮኾ ታይገሩን አስወጥቷል። ስንጮህ ግን ስለ ሰዎቹ እንጩህ። ከዚያ በላይ ደግሞ እንጻፍ። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አያቶቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁ፦ በዚያ በክፉ ዘመን አጠገባችሁ የነበረው ሰው ስሙ ማን ነበር? የሚነግሯችሁን ስም በስልካችሁ ቅረጹት፣ ጻፉት፣ ቀኑንም አስቀምጡበት። የሚቀጥለው ፊልም ከዚያ ስም ይጀመር።

 ያነበባችሁት ለሌላው አጋሩት።